ክዳኑን ዘግቶ የቀረው ቀንድ አውጣ፦ ለደብረ ብርሃን አርቢዎች

ፖማሴያ ዲፉሳ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚረባ የአማዞን ተፋሰስ ቀንድ አውጣ ነው። ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ይስማማዋል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ እዚህ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ነው።

ክዳኑን ዘግቶ ለቀናት አይንቀሳቀስም

ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። አውጥታችሁ አሽትቱት። የሞተ ከሆነ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ የቅርፊቱን አፍ የሚዘጋበት ክዳኑም ላልቶ ይንጠለጠላል። ሽታ ከሌለውና ክዳኑን በጣት ሲነኩት ወደ ውስጥ ከሳበው በርዶት ነው። ቴርሞሜትር አስገቡ፤ ከ18 በታች ካነበበ የገንዳ ማሞቂያ ግዙ። የፈላ ውሃ በላዩ መቸለስ ግን ይገድለዋል፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይጨምር። መብራት በጠፋበት ሌሊት ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፤ ከላይ ግን ክፍት እተዋለሁ። ይህ ፍጥረት ከስንጥቡ ሌላ ሳንባ አለው። ቱቦ የመሰለ መተንፈሻውን እስከ ውሃው ገጽ ዘርግቶ አየር ሲስብ ሰውነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አይቼ አልጠግበውም።

ቅርፊቱ ነጥቶ ተቦርቡሯል

ውሃው ካልሲየም አንሶታል ወይም አሲድነት አለው። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ገንዳ አትሙሉበት። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድቅቃችሁ ጨምሩ። የተቦረቦረው አይመለስም፤ አፉ ጠርዝ ላይ የሚያድገው አዲሱ ቅርፊት ልሙጥ ከሆነ ተሳክቶላችኋል።

ዓሣዎቹ ከታከሙ በኋላ ቀንድ አውጣዎቹ አለቁ

መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ ቢኖር ነው፤ መዳብ ቀንድ አውጣን ይገድላል። የታመመውን ዓሣ በሌላ ዕቃ አክሙ።

እንቁላሉ አይፈለፈልም

እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው በላይ መስተዋቱ ላይ ነው። ገንዳው እስከ አፉ ከሞላ ቦታ የላትም፤ 8 ሴንቲሜትር ያህል አጉድሉ። ዘለላው ውሃ ውስጥ ከሰጠመ ይበላሻል፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይደርቃል። ገንዳው ላይ የሚደረግ አየር የሚያስገባ ክዳን እርጥበቱን ይይዝለታል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ጠብቁ።

ተክሉን ሁሉ ጨረሰው

ይህ በጣም ያሳስበኛል። ዲፉሳ በአብዛኛው የሚበላው አረንጓዴ ዝቃጭና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጤነኛ ተክል የሚያጭድ ከሆነ ፖማሴያ ካናሊኩላታ የሚባለው ሌላው ዝርያ ሳይሆን አይቀርም። የቅርፊቱን ጥምዝ በቅርበት እዩ፦ የዲፉሳ መጋጠሚያ ትከሻው ጠፍጣፋ ነው፤ የካናሊኩላታ ግን ጠልቆ ቦይ ይሠራል፤ እንቁላሉም ደማቅ ሮዝ ነው። በእስያ የሩዝ ማሳ ያወደመው ይኸው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ኬንያ ምዌአ የሩዝ እርሻ ውስጥ ተገኝቷል። በሬሳ ወንዝ ውስጥ ብትጥሉት ብርዱ ይገድለዋል ብላችሁ አትመኑ፤ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ሞቃቱ የዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁማ የመስኖ ቦያችሁ ለእሱ ገነት ነው። የዲፉሳም ቢሆን የተረፈ እንቁላል ዘለላውን ፍቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ፤ የገንዳውንም ውሃ ቦይ ውስጥ ሳይሆን ከወንዝ የራቀ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ።