ዶላርን በጠገራ ብር፣ ሮቦትን በሁዳድ

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፋሲል ግቢ በር ላይ አንድ ሽማግሌ እንግዳ «አይ አም ቼክ» አሉኝ። እኔም ኮስተር ብዬ ቼክ እንደማንቀበል፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰውዬው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለካ አገራቸውን ነው የነገሩኝ! አባቶቻችን ቼኮዝሎቫኪያ ሲሉት ከኖሩት አገር ምዕራባዊው ወገን ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከቼኮች አገር ተነስተው እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡ ቃላትን እለቅማለሁ። ለአዳዲስ አስጎብኚዎች የማሳያቸው መንገድ ይኸው ነው፦ ቃሉን ደብተር ላይ ከመደርደር ይልቅ ጎንደር ውስጥ በምታውቁት ነገር ላይ እሰሩት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከገንዘብ ጀምሩ። አያታችሁ ጠገራ ብር ካላቸው አውጥተው ያሳዩዋችሁ። የኔ አያት አንዱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ለአንገት መስቀል አስቀልጠውታል። ላዩ ላይ ያለችው ወይዘሮ ማርያ ቴሬዛ ናት። በ1743 ፕራግ ላይ የቦሄሚያ ንግሥት ተብላ ዘውድ ጭናለች፤ ቦሄሚያ የቼኮች ዋና ምድር ነው። 1780 የሚለው የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ስንት ዘመን ሲመታ ዓመቱን አልነኩትም። የዚህ ብር የፈረንጅ ስም ታለር ነው። ስሙ የመጣው ቦሄሚያ ውስጥ ካለች ያሂሞቭ ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው። ጀርመኖች ዮአኪምስታል ይሏታል፣ የዮአኪም ሸለቆ ማለት ነው። በ1520 አካባቢ እዚያ የተመታው ገንዘብ ዮአኪምስታለር ተባለ። ስሙ ሲረዝምባቸው ታለር ብለው ቆረጡት፣ እየዞረ እንግሊዝኛ ሲገባ ዶላር ሆነ። እንግዲህ በጥቁር ገበያ የምንሻማበት ዶላርና የአያቴ ጠገራ የአንድ ሸለቆ ልጆች ናቸው።

ሮቦትን በሁዳድ እሰሩት። ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ የጌታውን ሁዳድ በነጻ የሚያርስበትን ዘመን ታሪክ ተምራችኋል። ቼኮች እንዲህ ያለውን የግዴታ ሥራ «ሮቦታ» ይሉታል። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 በወጣ ተውኔቱ ሰው መሳይ ሠራተኞችን ሲፈጥር ምን እንደሚላቸው ጨነቀው። «ሮቦት በላቸው» ያለው ወንድሙ ሠዓሊው ዮሴፍ ነው። ለተማሪዎች ይህን ስነግር የሚገርማቸው የቃሉ አገር ቻይና ወይም አሜሪካ አለመሆኑ ነው።

አሁን ፋሲል ቤተ መንግሥት ሥር ቆማችሁ ወደ ፎቁ መስኮት ቀና በሉ። «ዲፌነስትሬሽን» ሰውን በመስኮት መወርወር ነው። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ ዝነኛ ያደረገችው ግን ፕራግ ናት። በ1618 ፕሮቴስታንት መኳንንት ሁለት የንጉሡን ሹማምንትና አንድ ጸሐፊ ከቤተ መንግሥት መስኮት ወረወሯቸው። ሦስቱም ተረፉ! ካቶሊኮች መላእክት ተቀበሏቸው አሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የወደቁት ቆሻሻ ክምር ላይ ነው አሉ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ከዚያ ተጀመረ። እኛም በዚያው ዘመን በሃይማኖት ስንተላለቅ ነበር። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ አገር ታመሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ። ይህን አንድ ላይ ስነግራቸው ቼኮቹ ካሜራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የጦር መሣሪያ ቃላት ቶሎ ይያዛሉ። ብሬን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። «ብር» ብርኖ ከምትባል የቼክ ከተማ፣ «ኤን» ኤንፊልድ ከሚባል የእንግሊዝ መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ፒስቶልን ብዙዎች «ፒሽታላ» ከሚል የቼክ ቃል ያመጡታል፤ እንደ ዋሽንት ያለ የሚነፋ ነገር ነው። ሃዊትዘር የሚሉት መድፍም «ሆውፍ» ካለው ቃል ነው፣ የሰው መንጋ ማለት ነው። በ1400ዎቹ ሁሳውያን፣ ማለትም የቼኩ ሰባኪ የያን ሁስ ተከታዮች፣ በጭፍራ ላይ ይተኩሱበት ነበር።

ማታ ቢራ ቤት ከተቀመጣችሁ ፒልስነርን አንሱ። ፕልዘን ከሚባል ከተማ ነው፣ ከ1842 ጀምሮ። ፖልካም የቼኮች ጭፈራ ነው። እስክስታ የለመደ ትከሻ ግን አይገባውም፣ ሥራው ያለው እግር ላይ ነው።

«ቦሄሚያን» በሚለው ቃል ግን ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛ ውስጥ ግድ የለሽ የኪነ ጥበብ ሰው ማለት ሆኗል። ፈረንሳዮች ሮማ የሚባሉትን፣ «ጂፕሲ» ሲባሉ የኖሩትን ሕዝቦች፣ ከቦሄሚያ የመጡ መስሏቸው ያወጡት ስም ነው። እንግዳውን እንዲህ ብላችሁ አትጥሩት።

ይልቅ ቁስቋም ውሰዱትና ስለ ፕሩትኪ ንገሩት። ሬሜዲዩስ ፕሩትኪ የቦሄሚያ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ነበር። በ1752 በዳግማዊ ኢያሱና በእናቱ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጎንደር ገብቶ ንጉሡ ፊት ቀርቧል፤ የጉዞውን ታሪክም በላቲን ጽፏል። ከመጡት ቼኮች ይህን ሰምቶ የሚያውቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ውሃ እንግዛልህ? አቀበቱን ትወጣለህ?» ስትሉት ቼኩ «ኖ፣ ኖ» ሊላችሁ ይችላል። እኔ አንዴ እንዲህ ሲለኝ እሺ ብዬ መኪናውን ወደ ሆቴል አስመለስኩ። በቋንቋቸው «አኖ» አዎ ነው፣ ሲያሳጥሩት «ኖ» ይሉታል። ሰውዬው ሆቴሉ በር ላይ ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ በማግስቱ ቁስቋም በነጻ ወሰድኩት።