የወንድና የሴትን የሰውነት ስብ ክምችት በቤት ውስጥ በሜትር እንዴት መለካት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ባልና ሚስት ተመዝነው ሁለቱም 65 ኪሎ ቢሆኑ፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም የሰውነታቸው ይዘት ግን ይለያያል። በወንዱ ጡንቻ፣ በሴቷ ደግሞ ስብ ይበዛል፤ ጡንቻ ከስብ ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚይዝም የአዋቂ ወንድ ሰውነት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን የሴቷ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ለሕይወት የግድ የሚያስፈልገው ስብ እንኳ በወንድ 3፣ በሴት 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ሴት እንደ ወንድ ስብ አልባ ለመሆን መድከም የለባትም።

ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር የተሻለ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይዘጋጁ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድ ልብስ የሚያስደርብ በመሆኑ ጋቢውን፣ በርኖሱንና ሹራቡን ያውልቁ፤ ሴቶች መቀነታቸውን ሳይፈቱ የሚለኩት ልክ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ እግርዎን ገጠም አድርገው ይቁሙና የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ታችኛ ጫፍና የዳሌ አጥንትን አናት በጣትዎ ዳስሰው ያግኙ። ሜትሩን በሁለቱ መካከል ያዙሩት፤ ሳይላላና ቆዳን ሳያስጨንቅ ዙሪያውን እኩል ይዋል። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው፤ እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ ሲወጣ ያንብቡ።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ የሴት ከ80 ሲያልፍ የልብና የስኳር በሽታ ስጋት ይጨምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በእጅጉ ይጨምራል። 90 ሴንቲ ሜትር ለባል ገና ከወሰኑ በታች ሲሆን ለሚስት ግን ከባዱን መስመር ያለፈ ነው።

በመጨረሻ መቀመጫዎን በሰፊው ቦታ ላይ ለክተው የወገብዎን ልክ ለዚህ ያካፍሉ፤ ውጤቱ ለወንድ 0.90፣ ለሴት 0.85 ከደረሰ ስቡ ሆድ ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የሴትን ስብ ወደ ዳሌና ጭን ስለሚመራው ቦርጭ በብዛት የሚታየው በወንዶች ነው፤ የወር አበባ በዕድሜ ከቆመ በኋላ ግን የሴቷም ስብ ወደ ሆድ ስለሚያዘነብል፣ እናቶች በዚያ ዕድሜ ልኬቱን ባይዘነጉት እመክራለሁ።

ይህ አለካክ ለነፍሰ ጡር አያገለግልም። ልክዎ ከወሰኑ ካለፈ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን ይመርመሩ።