ለፌዛንት አደን ወደ ሳውዝ ዳኮታ ሲጓዙ፦ ለውሻዎም ለራስዎም ምን ይያዙ፣ የትስ ያስቀምጡት?

ውሻው እግሩን የአጥር ሽቦ ቀዶት ፊላ መሃል ቆሟል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ግን አንድ ማይል ርቆ መኪና ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ሣጥኑ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመሸከፍዎ በፊት ዕቃውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ ሰውነትዎ ላይ የሚሆነው፣ መኪና ውስጥ የሚቀረውና ማደሪያ የሚቀመጠው። ይህ ጽሑፍ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሱ ፎልስ ወይም ከዴንቨር በመኪና ተነስተው ሦስት አራት ቀን አድነው ለሚመለሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ፌዛንት ከእስያ የመጣ፣ ጭራው ረጅም የሆነ የሜዳ ወፍ ነው። ሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያውን የፌዛንት አደን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1919 በስፒንክ ካውንቲ ሲሆን ዛሬ የስቴቱ መለያ ወፍ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ዋናው ወቅት በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ተከፍቶ ጃንዋሪ 31 ይዘጋል። መተኮስ የሚቻለው በሴንትራል ሰዓት ከ10፡00 (በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት) እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። የሚገደለው ወንዱ ብቻ ነው፤ በቀን 3፣ በእጅ ማቆየት የሚቻለው ደግሞ እስከ 15። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ አዳኝ የሚሰጠው የትናንሽ አውሬዎች ፈቃድ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ የዱር እንስሳት መኖሪያ ጥበቃ ቴምብር ይጨመራል። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚሻሻል ከመነሳትዎ በፊት የስቴቱን የዘመኑን መመሪያ ያንብቡ። ፈቃዱንም በወረቀት አትመው ይያዙ፤ በኖቬምበር ብርድ የስልክ ባትሪ ሳይታሰብ ይሞታል።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰው መነገር አለበት። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው፣ በጊዜያዊ ቪዛ (ለምሳሌ በተማሪነት) አሜሪካ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ካሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጓደኛ አብሮዎት የሚሄድ ከሆነ ፈቃዱ ኪሱ ሳይገባ የጥይት ካርቶን እንኳ አያሸክሙት።

የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ከዚሁ ወረቀት ጋር ይሁን። ከሚያርፉበት ከተማ አቅራቢያ ያሉ የሁለት የእንስሳት ሐኪሞችን ስልክም በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ አንደኛው ሌሊትና እሁድ የሚሠራ ይሁን። በትናንሾቹ ከተሞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ዝግ ነው፤ ውሻ የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ሳምንታት ቀደም ብሎ

ዓመቱን ሶፋ ላይ የከረመ ላብራዶር አንድ ቀን ሙሉ ሣር ሲጥስ ሊውል አይችልም። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሲቀር ያስሩጡት፤ መጀመሪያ 20 ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት፣ አልፎ አልፎም የመዳፉ ቆዳ እንዲጠነክር ጠጠር ላይ። ጥፍሩን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ይቁረጡ። በመጨረሻው ማታ ቆርጠው ሥጋው ጋ ከደረሱ ማግስቱን እያነከሰ ነው የሚወጣው።

ምግቡንም በዚሁ ጊዜ ይለውጡ። ለሥራ ውሻ 30 በመቶ ፕሮቲንና 20 በመቶ ስብ ያለው ደረቅ ምግብ ይሆናል፤ ከቀድሞው ጋር እየደባለቁ ከአንድ ሳምንት እስከ 10 ቀን ባለ ጊዜ ያስለምዱት። መንገድ ላይ የተገዛ አዲስ ምግብ ያስቀምጠዋል፤ ተቅማጥ የያዘው ውሻ ደግሞ ውሃው ያልቅና ሁለተኛው ቀን ላይ ይወድቃል። በቤት በቀን 4 ኩባያ የሚበላ ውሻ በአደን ቀን ከ6 እስከ 8 ኩባያ ሊፈልግ ይችላል። የየቀኑን ለይተው በላስቲክ ከረጢት ይስፈሩ፤ የአንድ ቀን ትርፍም ይጨምሩ።

ሰውነትዎ ላይ የሚሆነው

የአደን ሰደርያዎ ብርቱካናማ ይሁን፤ ወፍ ከሣር ሲነሳ ጓደኛዎ የት እንዳሉ በአንድ እይታ ማወቅ አለበት። ኪሶቹ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ጥይት ይበቃል። የቀረው ቦታ ለውሻው ነው።

ውሃ ቢያንስ 1.5 ሊትር፣ ሲጫኑት በሚረጭ ጠርሙስ ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ያጠጡት። ትንሽ ቱቦ ማር ይጨምሩ። ሲሮጥ የዋለ ውሻ ድንገት ቢንገዳገድ፣ ዓይኑ ቢፈዝ ወይም ቢንቀጠቀጥ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ማሩን ድዱ ላይ ይቀቡ፤ ራሱን ለሳተ ውሻ ግን ጉሮሮው ውስጥ አያፍሱ። የሁለት ሜትር የውሻ ማሰሪያ፣ መቆለፊያ ያለው የሕክምና መቆንጠጫ ወይም ጠንካራ ወረንጦ፣ አንድ ጥቅል ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ ፋሻ፣ ሁለት ጎዝና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የቁስል ማጠቢያ ጨው ውሃ) እዚያው ይግቡ።

የሽቦ መቁረጫው የብረት ገመድ የሚቆርጥ ዓይነት ይሁን። ተራ ፒንሳ የአጥር ሽቦን ይቆርጣል፤ አጥማጆች ለቀበሮ የሚያስሩት የተገመደ ወስፈንጥር ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ውሻው ደግሞ በታገለ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። ከዚያ የሚከፋው አካል የሚጨፈልቀው የብረት ወጥመድ ነው፤ በእጅ ብቻ ለመክፈት አይሞክሩ። የማሰሪያውን ጫፍ በአንደኛው ስፕሪንግ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፉ፤ እንደገና በመጀመሪያው ቀለበት መልሰው ያውጡት፤ አንዱን ጫፍ ረግጠው ሌላውን ይጎትቱ። ስፕሪንጉ ሲጨመቅ ማቆያ መንጠቆውን ያስገቡና ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። ጊዜው የሚቆጠረው በሰከንድ ስለሆነ ባዶ ወጥመድ ላይ ቤት ተለማምደው ይምጡ።

ቁስል ሲያጋጥም

የሽቦ ቁስል ከላይ ትንሽ መስሎ ቆዳውን ከሥጋው ለይቶ ውስጥ ውስጡን ሊሄድ ይችላል። መኪና ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና አንድ ሊትር ሳላይን ይኑር፤ በኃይል ደጋግመው ይጠቡ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ላይ አይፍሰስ፤ ጤናማውንም ሥጋ ይገድላል። ከዚያ ጎዝ፣ ከላዩ ለስላሳ ፋሻ፣ መጨረሻ ላይ የሚያጣብቀው ፋሻ። ይህ የመጨረሻው እየተለጠጠ ከተጠቀለለ የደም ዝውውርን ያግዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከጥቅሉ ፈተው በልቅ ይጠቅልሉት። ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጫፋቸው ይታይ፤ በየሰዓቱ ይንኩ፤ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ወዲያው ይፍቱ። ደረት ላይ የተሰካ እንጨት ካለ አይንቀሉት፤ እንዳይነቃነቅ ደግፈው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የሰው ማስታገሻ አይሰጥም። ኢቡፕሮፌን ኩላሊቱንና ጨጓራውን ይጎዳል፤ ፓራሲታሞልም (አሜሪካ ውስጥ ታይሌኖል) መርዝ ነው። ለውሻ የሚሆነውን ከሐኪሙ አስቀድመው፣ በክብደቱ ልክ ያጽፉ። ስኳር የለሽ ማስቲካም ከኪስዎ ይውጣ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ጥቂቱም ውሻ ይገድላል።

ጃርት ከገጠመው እሾሁን አይቁረጡ። ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ። አፍ ውስጥ፣ ዓይን አጠገብ ወይም በርከት ያለ ከሆነ ግን በማደንዘዣ የሚሠራ የሐኪም ሥራ ነው። ስካንክ (ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚረጭ ትንሽ አውሬ) ከረጨው ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና እዚያው ቀላቅለው ይሹት፤ ዓይኑ እንዳይገባ እየተጠነቀቁ አምስት ደቂቃ አቆይተው ያለቅልቁት። የተረፈውን ይድፉ፤ ጠርሙስ ውስጥ ከተከደነ ጋዙ ያፈነዳዋል።

ሙቀት

ሰው ለብርድ ተዘጋጅቶ ይሄዳል፤ ኦክቶበር ላይ ግን 80 ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በመክፈቻው ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ያለ ሙቀት መጥቶ በስቴቱ ብዙ የአደን ውሾች ሞተዋል። ረጅም ሣር ውስጥ ነፋስ አይገባም፤ ውሻው ደግሞ ወፍ ካሸተተ ራሱ አያቆምም። ስለዚህ የማቆሙ ኃላፊነት የእርስዎ ነው፤ በሞቃት ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሠርተው ጥላ ሥር ያሳርፉት።

የፊንጢጣ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይያዙ። ያረፈ ውሻ ከ101 እስከ 102.5 ፋራናይት ነው። ሲሮጥ የቆየ ጤነኛም ቢሆን ከ105 ሊያልፍ ስለሚችል ከቁጥሩ እኩል ምልክቱን ይዩ፦ ምላሱ ሰፍቶ ተንዘላዝሏል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ አርፎም ማለክለኩ አይበርድም። ያን ጊዜ መጀመሪያ ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ ይንዱ። ያለዎትን ውሃ ሁሉ ሆዱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያፍስሱ፤ ኩሬ ካለ ራሱን ከውሃ በላይ ይዘው ያስገቡት፤ መኪናውን መስኮት ከፍተው ይንዱ። 103 ሲደርስ ማቀዝቀዙን ያቁሙ፤ ከዚያም ከቀጠሉ ሙቀቱ ወርዶ ወርዶ ብርድ ይይዘዋል። ቢሻለውም ሐኪም ይየው፤ የኩላሊትና የደም መርጋት ችግር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል።

አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ከሚመስል የከብት ኩሬ አያጠጡት፤ መርዘኛ አልጌ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ውሻ በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ከቤት ይጫኑ። አንዳንዱ ውሻ የማያውቀውን የቧንቧ ውሃ ስለማይጠጣ ይህ ለመንገዱም ይጠቅማል።

አመጋገቡ ላይ አይቻኮሉ። መተኮሻው ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀምር ንጋት ላይ ሩብ ያህሉን መስጠት ይቻላል፤ ዋናው ራት ግን ማታ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው። ጠግቦ የሚሮጥ ደረተ ሰፊ ውሻ ጨጓራው ሊዞር ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እያቃሰተ ምንም ካልወጣው አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ፤ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይሞታል።

ጠመንጃና የሰው ዕቃ

ይህ አጭር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለውሃ ወፍ መራቢያ በያዛቸው መሬቶች ላይ እርሳስ ያለበት ጥይት ክልክል ነው፤ ሌሎችም የሕዝብ መሬቶች እንዲሁ። ግራ ከመጋባት ብረት ፍሬ ቁጥር 2 ወይም 3 ብቻ ይያዙ፤ ለሦስት ቀን ሁለት ካርቶን ይበቃል። የ12 እና የ20 ጌጅ ጥይት በአንድ ከረጢት ፈጽሞ አይቀመጥ (ጌጅ የቱቦ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቱቦው ይጠባል)። የ20ው ጥይት የ12ቱ ቱቦ ውስጥ ሾልኮ ይገባና መሃል ላይ ይቀራል፤ ከኋላው ሌላ ተጎርሶ ከተተኮሰ ቱቦው እጅ ላይ ይፈነዳል። የተለማመዱት ቦት ጫማ፣ እሾህ የማይበሳው ሱሪ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ይጨምሩ።

የተገደለውን ወፍ ቶሎ ሆድ ዕቃውን አውጥተው በረዶ ላይ፣ ግን ውሃ ሳይነካው ያስቀምጡ። ወንድ መሆኑ እንዲታወቅ ጭንቅላቱ ወይም እግሩ እስከ ቤት አብሮ ይቆይ። ብዙ ማደሪያዎች ወፍ ማጽጃ ክፍል ስላላቸው ሲይዙ ይጠይቁ። በእምነቱ ያልታረደ የማይበላ ሰው ስል ቢላ ኪሱ ይኑር፤ ብዙ ወፍ በውሻ አፍ በሕይወቱ ይመጣል። ሞቶ ስለሚመጣው ደግሞ የሃይማኖት አባቱን ጠይቆ ይነሳ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ለገና የሚሆነው አየሩ ወጥቶ ታሽጎ ይቀዝቅዝ። የእግሩ ጅማት ጠንካራ ስለሆነ ለወጥ ከዶሮ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀላል።

ማታ ማታ

ከራት በፊት 15 ደቂቃ ለውሻው ይስጡ፤ ጥሩ የግንባር መብራት፣ ማበጠሪያና ወረንጦ ይዘው። በየጣቶቹ መሃል፣ ጆሮው ውስጥ፣ በብብቱ፣ በከንፈሩ ሥር በጣት ይዳብሱ። ጭጎጎት ጸጉር ብቻ ነው የሚያበላሸው፤ ኩርንችት መዳፍ ላይ ከተሰካ ያነክሳል። ክፉው ግን እንደ ገብስ ጢም ያለው የዱር ሣር ፍሬ ነው። ጢሙ ወደ ኋላ ስለሚይዘው ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ በጣት መሃል ወይም በአፍንጫ ገብቶ እስከ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። ዓይኑን በሳላይን ያጥቡ፣ የታችኛውን ቆብ ገልብጠው ይዩ። መዥገርም በዚሁ አጋጣሚ ይነቀላል።

ከተመለሱ ሳምንታት በኋላ ውሻው ትኩሳት ከያዘው፣ ካሳለው፣ ጎኑ ላይ እብጠት ካወጣ ወይም ደጋግሞ አንድ ጣቱን ከላሰ፣ የት እንደነበረና ምን ዓይነት ሣር ውስጥ እንደሠራ ለሐኪሙ ይንገሩ። የከተማ ሐኪም የሣር ፍሬ ላይጠረጥር ይችላል፤ ራጅ ላይም አይታይም።