ጠማማው አራት ጎን ክፍተት ሳይተው እንዴት ገጠመልኝ

ሁለት ቀን ሙሉ ያታገለኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። ከካርቶን የቆረጥኩት ቅርጽ አራት ጎን አለው፤ አንዱም ጎን ከሌላው እኩል አይደለም፣ ማዕዘኖቹም 70፣ 95፣ 110 እና 85 ዲግሪ ናቸው። ወረቀቱን በዚህ ቅርጽ ብቻ መሙላት ፈልጌ ነበር። ወደ ጎን እያንሸራተትኩ ስደረድረው ግን በየመሃሉ ሹል ክፍተት ይቀራል። ገልብጬ ብሞክርም ያው ነው።

መፍትሔው ማዞር ነበር። የአንዱን ጎን መሃል በማስመሪያ ለክቼ መርፌ ሰካሁበትና ካርቶኑን ግማሽ ዙር፣ ማለትም 180 ዲግሪ አዞርኩት። ጎኑ በራሱ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ! ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ፣ በሌሎቹም ጎኖች እንዲሁ ቀጠልኩ።

ለምን እንደሚሠራ የገባኝ አንዱን መገናኛ ነጥብ ጠጋ ብዬ ሳየው ነው። አራቱም የተለያዩ ማዕዘኖች እዚያ ተገናኝተዋል፤ የማንኛውም አራት ጎን ማዕዘኖች ድምር ደግሞ 360 ነው። ሙሉ ዙር። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ያለውም ቢሆን ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ፣ እንዲያውም ሥዕሉ የበለጠ ያምራል። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ አምስት ጎን ላይ ግን አትድከሙ፦ እያንዳንዱ ማዕዘን 108 ስለሆነ ሦስቱ ሲገጥሙ 36 ዲግሪ ክፍት ይቀራል።