ሮም ላይ የቀሩሽን ሦስት ቀናት ብቻሽን እንዴት ታሳልፊያለሽ?

የሰፈራችን ልጅ ለሥልጠና ሮም ልትሄድ ነው። ባለፈው እሁድ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን «ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ይተርፈኛል፣ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አለችኝ። የነገርኳት ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ለእሷ እንዳወራሁት ጻፍኩት። ወንዶችም አንብቡት፣ መንገዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ ማደሪያሽን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አድርጊ። ሰፈሩ ያምራል አልልሽም። ግን ኤ እና ቢ የሚባሉት የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙት እዚያ ነው፣ የኤርፖርቱ ባቡርም ከዚያው ይነሳል። ብቻሽን ስትሆኚ ማታ ከሜትሮ ወርደሽ በአምስት ደቂቃ ክፍልሽ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ሜትሮና አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳሽን ከፊት ያዢ፤ ሌባ አለ። ፓስፖርትና ገንዘብ አንድ ላይ አታስቀምጪ።

ቋንቋውን አትፍሪ። ፌርማታ እዚያም ፌርማታ ነው። አልቤርጎ፣ ፖስታ፣ ፊርማ፣ ፒያሳ፣ ሁሉም ከእነሱ የመጡ ናቸው። ማኪያቶ ብቻ ያሳስትሻል፤ እዚያ በትንሽዬ ስኒ፣ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ አድርገው ነው የሚሰጡሽ። የለመድሽው ዓይነት ካማረሽ ካፑቺኖ በይ። ቆመሽ ጠጪው፤ ብዙ ቦታ ቁጭ ስትዪ ዋጋው ይጨምራል።

እኔ በሄድኩ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ቀናት አንዱን ኮሎሲየም የሚባለው የጥንት ስታዲየም ወረፋ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ቲኬት አስቀድሜ አልገዛሁም ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቲኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ቀደም ብለሽ በኢንተርኔት ግዢ። ካልተሳካልሽ ከውጭ እይውና እለፊ፤ ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ለወረፋ አይሰጥም። አስጎብኚዎች ለማንም የሚያሳዩትን ሌላ ጊዜም ታዪዋለሽ። አንደኛውን ቀን ግን የእኛ ታሪክ ላለባቸው ቦታዎች ስጪው።

ከተርሚኒ በር ጀምሪ። የምትረግጪው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። እነዚህ አምስት መቶዎች እ.ኤ.አ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፣ የስሙን ምክንያት የሚያስብ የለም። ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ ጥቂት ስትራመጂ ዛፎች መሃል የመታሰቢያ ሐውልታቸውን ታገኚያለሽ። ሐውልቱ ራሱ የግብፅ ነው፣ በራምሴስ ሁለተኛ ዘመን የተቀረጸ። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚህ ሐውልት ሥር ነበር። ለገሃር ማለት እኮ የድሮው የድሬ ባቡራችን መጨረሻ ነበር! አንበሳው እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ተመለሰ። እዚያ ትንሽ ቁጭ በይ፣ አትቸኩዪ።

ከዚያ የሜትሮ ቢ መስመርን ይዘሽ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ውረጂ። ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ። ግንባታው የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚሁ ሕንፃ ፊት ነው። 24 ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ! እ.ኤ.አ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ተተከለ። አሁን ሐውልቱ እዚያ የለም፤ እኔን ግን ከሮም ሁሉ የበለጠ ደስ ያሰኘኝ እዚያ ሳላገኘው መቅረቴ ነው።

ከዚያ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮን ይዘሽ በእግርሽ ኮሎሲየም ትደርሻለሽ። ሲመሻሽ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ላይ ወጥተሽ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ብትቆሚ የጥንቱ ፎረም፣ የሮማውያን አደባባይ ፍርስራሽ፣ ከሥርሽ ተዘርግቶ ታዪዋለሽ፣ በነፃ።

ውሃ አትግዢ። በየመንገዱ ናዞኔ የሚባል የብረት ቧንቧ አለ፣ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ያፈሳል። አፉን በጣትሽ ስትደፍኝው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈነጠቃል፣ ጎንበስ ሳትዪ ትጠጫለሽ። በሐምሌና ነሐሴ ከሄድሽ የሮም ቀትር የድሬን ያስታውስሻል፤ ያን ሰዓት እንደ አገርሽ ጥላ ፈልገሽ እረፊ።

ሁለተኛው ቀን ለቫቲካን ይሁን፣ ረቡዕ ጠዋትን ግን ተዪው፤ ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ስለሆነ ይጨናነቃል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትደርሺ ወረፋው አጭር ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ከሁሉም ይሻላል። ጉልላቱ 551 ደረጃ አለው፣ በሊፍት ብትጀምሪም 320ው ይቀርሻል፣ ግን ወጥተሽ እይው። ከባዚሊካው ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ በ1548 እና 49 ያሳተሙት እዚሁ ሮም ነው።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ፎንታና ዲ ትሬቪ የሚባለው ፏፏቴ ጋ ሰው ሳይሞላው ድረሺ፣ ከዚያ ዕቃሽን ግዢና ሻንጣሽን መዝኚ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከተርሚኒ ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት በ32 ደቂቃ ያደርስሻል። ከበረራሽ ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

አዲስ አበባ ላይ የድሬን በረራ ስትጠብቂ በቂ ሰዓት ካለሽ ታክሲ ይዘሽ ለገሃር ብቅ በይ። አንበሳው እዚያ ነው። አጠገቡ ፎቶ ተነሺና ከዶጋሊው ሐውልት ፎቶ ጋር ላኪልኝ።