የቱርቦ መኪና ቴስታታ ችግርና መፍትሔ፦ አሉሚኒየም ወይስ ብረት?

ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ቱርቦ መኪና (በጭሱ ኃይል አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል፣ ሲበላሽ ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ «አሉሚኒየም ስለሆነ ነው፤ የድሮው ብረት ይችለው ነበር» የሚል ነው። ፍርዱ ከፊል እውነት አለው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት በሦስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍና ክብደቱም ከግማሽ በታች ስለሆነ ለቱርቦ ሙቀት ተመራጭ ሆኗል፤ ነገር ግን ሲሞቅ የብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆንም ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል። ብረት ሙቀትን ይዞ ይቆያል፣ ሳይጣመም ብዙ ይታገሣል፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን ይሰነጠቃል። ሁለቱ የሚታመሙበት መንገድ ስለሚለያይ ምርመራውም ሊለያይ ይገባል።

የሙቀት ጌጁ ከፍ የሚለው በዳገት ብቻ ሲሆን

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚወስደው ዳገት መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በከባድ ማርሽ ይወጣል። ቱርቦው ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው ነፋስ ግን መኪናው ስለሚያዘግም አነስተኛ ነው። ሙቀቱ እዚህ ጨምሮ ሜዳ ላይ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ቴስታታውን ለማውረድ መቸኮል አያስፈልግም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ብዙ ሰው የሚንቀው የራዲያተር ክዳን ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ እንደ ሞተሩ ዓይነት በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ሞተሩን በመደበኛ ሙቀቱና በመፍላት መካከል በጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት ብቻ ያስቀረዋል። ውሃው ሲፈላ በጭስ ማውጫ ቫልቮላዎች ዙሪያ እንፋሎት ይቋጠራል፣ እንፋሎትም ሙቀትን እንደ ውሃ አይወስድም፤ በዚያች ቦታ ያለው አሉሚኒየም ሌላው የቴስታታ ክፍል ሳይሞቅ ለብቻው ይግላል። ርካሽ የሆነ ክዳን ውድ የሆነ ቴስታታ የሚበላው እንዲህ ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የቬንቲላተሩን ፍሪሲዮን (ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል)፣ ቴርሞስታቱን፣ ከዚያም ራዲያተሩን ማየት ይገባል። በመከር ወራት በጎጃም መንገዶች ላይ የሚበንነው የጤፍ እብቅ በኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር በሚያቀዘቅዘው) እና በራዲያተሩ መካከል ስለሚከማች ከፊት ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር ከኋላው የታፈነ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለያይቶ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በዝግታ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ብቻውን መሙላትም መቆም አለበት፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከብረት ብሎክ (ሲሊንደሮቹን ከያዘው የሞተር አካል) ጋር በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ በረዶ በማያሰጋበት አገርም ቢሆን ኩላንት ግዴታ ነው።

ሙቀቱ መንገድ ላይ ከጨመረ ጥግ ይዞ ቆሞ፣ የውሃው መጠን ካልጎደለ ሞተሩን ያለ ጭነት በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) ማቆየት ይሻላል፤ ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው ይጥፋ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር የብረቱን ቴስታታ ይሰነጥቃል፣ የአሉሚኒየሙን ደግሞ ያጣምማል።

ውሃ የሚጠፋበት ቦታ ሳይታይ ሲጎድል

ማታ ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት የራዲያተሩ ጎማ ጠንክሮ ከተገኘ፣ ወይም ገና ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ቴስታታው ሲወርድ መልሱ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ይታያል፦ ከጠቆሩት ፒስቶኖች መካከል አንዱ እንደታጠበ ያበራል፣ በዚያው ሲሊንደር ጠርዝ ላይም ጋስኬቱን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር የጥላሸት መስመር አለ። ፒስቶኑን ያጠበው እንፋሎት ነው።

በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው መጣመም ነው። ፊቱን በደንብ አጽድቶ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ማዕዘናዊ መስመሮች ላይ አስቀምጦ ከሥሩ ስስ መለኪያ ማስገባት ነው። የብዙ ሞተሮች መመሪያ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዶቹም እስከ 0.10 ይፈቅዳሉ። ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት ይላካል፤ እዚህ ላይ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ካምሻፍት (ካም) በራሱ በቴስታታው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ የታችኛው ፊት ሲጣመም የላይኛው የካም መቀመጫም አብሮ ጎብጧል። የታችኛውን ብቻ መላጨት ጋስኬቱን ያስታርቃል፣ ካሙን ግን በጎበጠ መቀመጫ ላይ አስሮ እንዲበላ ወይም እንዲሰበር ያደርገዋል። ካሙ ያለ ቫልቮላ ተገጥሞ በእጅ የማይዞር ከሆነ ቴስታታው ከመላጨቱ በፊት መቃናት አለበት።

በብረት ቴስታታ ላይ ማስመሪያው ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ስንጥቁ በሁለቱ ቫልቮላዎች መቀመጫ መካከል ተደብቋል። የሚያጋልጠው ቴስታታውን በሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በአየር ግፊት መፈተሽ ነው። ይህ ፈተና ለአሉሚኒየሙም አይቅር፤ የቶዮታው 1ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የአሉሚኒየም ቴስታታ በዚሁ በቫልቮላዎች መካከል በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። የተሰነጠቀ ብረትን ሳያሞቁ መበየድ ብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ስለሚያወጣ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ዘይቱ ወተት ሲመስል

ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ሞተሩ ከዚህ በኋላ መነሳት የለበትም። ሆኖም ዘይት ማቀዝቀዣቸው በውሃ የሚሠራ ብዙ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ስላሉ፣ ቴስታታውን ከመፍታት በፊት ማቀዝቀዣውን አውጥቶ በግፊት መፈተሽ ያዋጣል።

የቱርቦው ግፊት ከተጨመረ በኋላ ጋስኬት ደጋግሞ ሲነድ

ቴስታታው ቀጥ ያለ ሆኖ ጋስኬቱ የሚነድ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቡሎኖቹ መላላት ወይም የቃጠሎው ሰዓት መዛባት ነው። ተለጥጠው እንዲይዙ የተሠሩ ቡሎኖች ሁለተኛ ጊዜ አይታሰሩም፤ አዲሶቹም በመመሪያው ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች ይጠበቁ። በቤንዚን ሞተር የመንኳኳት ድምፅ ካለ ግፊቱ ይቀነስ ወይም ማቀጣጠያው ይዘግይ። ብረት የቃጠሎ ክፍሉን ሙቀት ስለሚይዝ ለመንኳኳት ይቀርባል፤ በዚህ ረገድ አሉሚኒየም ይሻላል።

ቴስታታውን በሌላው ዓይነት መለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 የተሠራው የአሜሪካ ቱርቦ መኪና ቡዊክ ግራንድ ናሽናል የብረት ቴስታታ የነበረው ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ለውድድር አሉሚኒየም ይገጥሙለታል። ቱጄዜድ የሚባለው የቶዮታ ሱፕራ ሞተር ደግሞ ከፋብሪካው በብረት ብሎክ ላይ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይዞ ከፍተኛ ግፊት በመቻል ስም አትርፏል። እኛ ዘንድ ለሚሠሩት ለአብዛኞቹ ሞተሮች ግን ፋብሪካው የሚያወጣው አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ምርጫው በአዲስና በተጠገነ መካከል ነው። ሁለቱም ዓይነት ለሚገኝለት ሞተር ጋስኬቱ፣ ቡሎኖቹና ዋሸሮቹ ለአዲሱ ቴስታታ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ለካንዴላ የሚሆነው የአሉሚኒየም ጥርስም በጋለበት ሰዓት ሲፈታ ስለሚነቀል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ካንዴላው አይነካ።