ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚመላለሱ ትንንሽ ጀልባዎች ሞተር ሲያስቸግር ቶሎ መፍቻ ይነሳል፤ ያለ ጥፋቱ የተከፈተ ሞተር ደግሞ እንደ ቀድሞው አይገጠምም። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው የባሕር ሞተሮችን የሚበላው ዝገት እዚህ ያን ያህል አያሰጋም። እኛን የሚያስቸግሩን ደለል፣ የመረብ ክር፣ አረምና ከፍታው ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ተመልከቱ።

ከሞተሩ በቀጭኑ የሚረጨው ውሃ ደከመ ወይም ቆመ

ወዲያው አጥፉት። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው፤ ውሃው ከቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ሞተሩን ወደ ላይ አንሱና ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ ያለውን የውሃ መግቢያ ወንፊት እዩ። ሣር፣ ፌስታል ወይም የእንቦጭ ሥር ተለጥፎበት ይሆናል። እሱ ንጹሕ ከሆነ ውሃው የሚረጭበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ በቀስታ ጥረጉ። በክረምት ግልገል አባይ የጎጃምን አፈር ተሸክሞ ሲገባ ቀዳዳው በደለል ይደፈናል። ይህም ካልፈታው ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ባለ ክንፍ ጎማ አልቆ ይሆናል። ክንፎቹ ተጣመው ከደረቁ ወይም ከተሰነጠቁ ቀይሩት። አንድ ክንፍ ተቆርጦ ከጎደለ ግን ቁራጩን ሳታገኙ አትግጠሙ፤ ውሃው ገፍቶ ወስዶ ላይኛውን መተላለፊያ ይዘጋዋል። ጎማውን የሚገድለው ደለሉ ብቻ አይደለም፤ ደረቅ መሬት ላይ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ያለ ውሃ ማስነሳትም ያቃጥለዋል።

ጉልበት አነሰው፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 15 የፈረስ ጉልበት ብለው የሸጡላችሁ እዚህ 12 ገደማ ነው። ይሄ ብልሽት አይደለም። ችግሩ ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር የተለካ ቤንዚን መላኩ ነው፤ ካንዴላውን ስታወጡት ጠቁሮና ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ካንዴላ መቀያየር አያድንም። የሞተሩ መመሪያ ለከፍታ ቦታ የሚያዝዘውን አነስ ያለ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) አስገጥሙ፤ ጀልባው ጭነት ሲይዝ የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ አነስ ያለ ፕሮፔለር ያግዛል።

ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልባቸው ሞተሮች ላይ «ለደኅንነቱ» እያሉ ዘይት መጨመርም ካንዴላ ያጠቁራል። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ 100 ለ1 ካለ 100። በግምት ከማፍሰስ በመለኪያ ለኩት። መቀነስማ ከሁሉም የከፋ ነው።

የካምቢዮው ዘይት ነጣ

ካምቢዮው ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ጥርሶች ያሉበት የሞተሩ ታችኛ ክፍል ነው፤ የእሱን የታችኛውን ብሎን ላላ አድርጉት። መጀመሪያ ውሃ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን ፍቱና ከኋላው ያለውን ዘንግ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የናይለን መረብ ክር ተጠምጥሞ፣ በሙቀት ቀልጦ እንደ ቀለበት ጠንክሮ ይገኛል። ዘይት የሚያግደውን ጎማ የሚቆርጠው እሱ ነው። ክሩን በቢላዋ ሳይሆን በእጅና በፒንሳ አውጡ፣ ጎማውን ቀይሩ፤ አዲሱን ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ እየገፋችሁ በላይኛው እስኪወጣ ሙሉት። ከላይ ካፈሰሳችሁት አየር ይቀርበታል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም

ድንጋይ ወይም ግንድ ነክቶ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል፣ አለዚያም የመሐሉ ጎማ ለቋል። ፒን የሚጠቀም ሞተር ያለው ሰው መለዋወጫ ፒንና ፒንሳ ሳይዝ ከወደቡ አይውጣ፤ ምስማር መተካት ካምቢዮውን ይሰብራል።

አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ይጠፋል

የማጥፊያው ገመድ ቦታው ላይ መሆኑን፣ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ መከፈቱን እዩ። በእጅ የሚጨመቀው የቤንዚን ፓምፕ ጨፍልቆ ከቀረ መተንፈሻው ተዘግቷል፤ ስትጨምቁት አልጠነክር ካለ ቱቦው አየር ያስገባል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ይለያል። ሞተሩ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ በመጨረሻው ቀን፣ ገና ውሃው ውስጥ እያለ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅላችሁ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት።